አፎቻችን ጥርሱን ያሳጠበ ጊዜ

ኅዳር 15 ቀን 2017፣ እሑድ

የፈረስ መጋላን አቧራ ጠርጎ ወደ ሰፈራችን የሚያወርድ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ዋለ። የነበሩት፦ የወንድሜ ሚስት ሐዲያ፣ ልጇ ዓቢር፣ ሀቢባ፣ ሀያት፣ ሌሎቹም የአፎቻችን ሴቶች። እኔም ነበርኩ፤ እኔን ግን ማንም አይቆጥርም።

ለሠርግና ለሐዘን የተቋቋመ አፎቻ ዛሬ የጥርስ ትምህርት ቤት ሆኖ ዋለ። ዓቢር ከምትሠራበት ክሊኒክ የፕላስቲክ መንጋጋ ይዛ መጣች። ድዱ ቀይ፣ ጥርሱ ነጭ፣ እንደ ሣጥን የሚከፈት። በምኖርበት በወንድሜ ቤት፣ እኔ የሰፋሁት ስፌት ሁሉ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቆማ መንጋጋውን እየከፈተች እየዘጋች አስተማረችን። በቤት መፋቅ ሌላ፣ በመሣሪያ መታጠብ ሌላ ነው አለች። ጥርስ ላይ የጠነከረው ድንጋይ በመፋቂያ አይነሳም፤ ድዱን እየገፋ ይሄዳል፤ ድድ ሲደማ ዝም አይባልም አለች። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል። አንዳንዷ ባትከፍት ይሻል ነበር።

ስንት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጣ የተማረችው የሰው አፍ መፈቅፈቅ ነው። መፋቂያ ሱንና ነው፤ ኮሌጅ አይጠይቅም።

እኔ አፎቻ ላይ አልናገርም። ዛሬ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ።

«ዓቢር» አልኳት፣ «የጁገል ግንብ በምን ቆመ?»

«በድንጋይና በጭቃ።»

«ጭቃውን ፈቅፍቀሽ ብታወጪው ድንጋዩ ምን ይሆናል?»

መልስ አጣች። ሀያት ከኋላ «ይወድቃላ» አለች።

«እንግዲህ አላህ በጥርስና በጥርስ መሃል የለሰነውን ልስን ማንሳት ነው ያማረሽ» አልኳት።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሀቢባ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች «ፈቲያ በዓመት አንዴ ትናገራለች፤ ስትናገር ግን ግንብ ታፈርሳለች» አለች። ዓቢር ፊቷ ቀላ። መንጋጋዋን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

አዘንኩላት? አላዘንኩም። መማር ማለት መልስ ማጣት ከሆነ፣ ባለመማሬ አልተጎዳሁም። እኔ ፊደል የለየሁት በአባቴ ሱቅ በርበሬና እርድ ይጠቀለልበት ከነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። ግማሹን ዜና እያነበብኩ ግማሹን ራሴ እየጨረስኩ አደግሁ። የጨረስኩት ከተጻፈው አንሶ አያውቅም።


ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ።

ስፌት የምሰፋበት አክርማ ላይ ደም። ትንሽ ነው፣ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ። የዘንድሮ ሣር ሻካራ ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ከሳኒ ነው የገዛሁት፤ ሳኒ ያረጀ ሣር አርሶ እንደ አዲስ የሚሸጥ ሰው ነው። አክርማ የምሰነጥቀው በፊት ጥርሴ ይዤ ነው። እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ የእናቴም እናት። ሣሩ ቆርጦኝ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ለዓቢር ሠርግ በሙሽራ ቤት ግድግዳ የሚሰቀለው ስፌት ገና ብዙ ይቀረዋል። ሠርጉ ከረመዳን በፊት ነው። ልጅቷ ወስፌ ይዛ አታውቅም። የሙሽራይቱን ግድግዳ አክስት ትሙላው፤ ሙሽራይቱ የሀገሩን አፍ ትፈቅፍቅ።


ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሀቢባ ሄዳለች። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ፣ ተደብቃ ክሊኒክ ሄዳለች። ዛሬ አገጯን ይዛ መጣች።

«ፈቲያ፣ ጥርሴ ሊወልቅ ነው፣ ወላሂ።»

«ምን ሆነሽ?»

«አሳጠብኩ። ድንጋዩ ሲነሳ በጥርሴ መሃል በር ተከፈተ። ውሃ ስጠጣ እስከ አናቴ ይወጋኛል። ይኸው ይነቃነቃል፤ ንኪው።»

«አልነካም።»

«ምላሴ የሰው ቤት የገባ ይመስለዋል።»

«ግንቡን አልነገርኩሽም?»

«ነግረሽኛል። ሞኝ ነኝ።»

«ነሽ» አልኳት።

ደስ አለኝ። እዚህ ነው የምጽፈው እንጂ ለሰው አልናገረውም። ሀቢባ ሞኝ ብቻ ሳትሆን ወሬኛም ናት፤ እስከ መግሪብ አቦከር ሰፈር ድረስ ይሰማል። እኔ ምንም አላወራሁም። ሀያት መጥታ ስትጠይቀኝ ብቻ «አዎ፣ ጥርሷን አላልታባታለች» አልኩ። የገጠር ሴቶች ወተት ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር፤ እነሱም ጠየቁኝ፤ ለእነሱም ያንኑ አልኩ። ሲጠይቁኝ ዝም ማለት ነውር ነው።

ዓቢር ለእናቷ ስትናገር ሰማሁ፦ «ጥርሷ ድሮም ይነቃነቅ ነበር፤ ድንጋዩ አጣብቆ ይዞት ነው ያልታወቃት። ያበጠው ድድ ሲመለስ ይይዝላታል። ጥቂት ሳምንት ትታገሥ።»

ለጠፋ ሥራ ሁሉ ጥቂት ሳምንት የሚባል መድኃኒት አላቸው።


ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ወንድሜ ዐብዱልገኒ በርጫው ላይ ጫቱን እየቃመ፣ ከፍ ባለው መደብ፣ ነደባው ላይ እንደተጋደመ፣ ሐዲያን እንዲህ አላት፦

«ክሊኒኩ ሰው አጥቷል አሉ። ባለቤቱ ዓቢርን ወንበርሽ አቧራ እየጠጣ ነው ብሏታል።»

«ማን ምን ብሎ ነው?»

«ፈቲያ አለች ይላሉ። ያቺ ዝምተኛዋ ካለች እውነት ነው ይላሉ።»

ሐዲያ ዝም ስትል እኔን መምሰል ትሞክራለች፤ አያምርባትም።

እኔ ምን ላድርግ? ሰው አልጠራሁ፣ ሰው አላባረርኩ። የወንድሜን አፍ ያየ ስለ ጥርስ ባልተከራከረ። ጫቱን ጉንጩ ሥር አስተኝቶ በስኳር ሻይ ያጠጣዋል። ጥርሱ የበሰበሰ አጥር ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው ልጁን የጥርስ ባለሙያ አድርጎ ሰው ሁሉ እንዲታጠብ ይፈልጋል። እሱ ራሱ አንድ ቀን ሄዷል? አልሄደም። የልጁ ወንበር አቧራ ከጠጣ በመጀመሪያ የሚወቀሰው እሱ ነው።

ያቺ ዝምተኛዋ። መጥፎ ስም አይደለም።


ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ። ብርድ ነው።

ሐዲያ ዛሬ እያወራኋት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብርሃን ፈልጋ ይሆናል። ቆይታ ቅርንፉድ በትንሽ ሳህን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«እንዲሁ፤ ለሻይ።»

ሻይ አልነበረም። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ነገር በቀጥታ መናገር አልተፈጠረባትም። ቅርንፉዱን ግን አኘክሁት።

በጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ። ጊደር መጋላ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ሴት «ድድ ያጠብቃል» ብላ ዱቄት ሰጠችኝ። ከሰልና ጨው አለበት፤ የቀረውን አልነገረችኝም። ድዴን አሸሁበት። ባሰበት። ሌባ።

ሻሼን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ መቀመጥ ለምጃለሁ። ሀያት «ፈቲያ እንደ ሙሽራ ማፈር ጀመረች» አለች። ይሳቁ። ብርድ ነው።

የታችኛው የፊት ጥርሴ አይነቃነቅም። ምላሴ ነው ሥራ ያጣው። ሄዶ ሄዶ እሱን ይገፋል። ምንጊዜም የሚገፋው ካለ ግንብም ይነቃነቃል። ምላሴን መቅጣት ነው ያለብኝ።

መፋቂያዬን አንድ ቀን አላቋረጥኩም፤ ለሰላት ሁሉ እፍቃለሁ። ከፊት ነጭ ነው። ማንም ቢያየኝ ነጭ ነው። ከኋላ ያለውን ማን ያያል? እኔ አላይም። በዚህ ዕድሜዬ መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ አልቆምም።


ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ዓቢር ዛሬ ክሊኒክ አልሄደችም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስንደዶውን ነካ ነካ ታደርጋለች። ነገር ያላት ሰው እጅ ያስታውቃል።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«ለምኚ።»

«አፍዎን ያሳዩኝ።»

«ፈረስ ልትገዢ ነው? መጋላው ላይ ፈረስ መሸጥ ከቀረ ቆየ።»

ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው። «አክርማው ላይ ደም አይቻለሁ» አለች።

«ሣሩ ቆርጦኝ ነው።»

«ሣር የቆረጠው አንድ ቀን ይደማል። እርስዎን ከኅዳር ጀምሮ ነው።»

ከኅዳር ጀምሮ ስትሰልለኝ ነበር ማለት ነው። ይህንኑ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፈተና እንደምትመልስ ተማሪ፣ ነገረችኝ። ድንጋዩ ከድዱ ሥር ሲገባ ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ብዙ ጊዜ ግን አያምም። አለማመሙ ነው መጥፎው አለች። የሚያመው ሰው ይመጣል። ይሄ ግን ሳያምም የጥርሱን ሥር የያዘውን አጥንት ይበላል። ጤነኛው ጥርስ መሬት አጥቶ ይወድቃል።

«አሁን ቢታጠብ የቀረው አጥንት ይተርፋል» አለች።

«የሄደውስ?» ሳላስበው ወጣኝ።

«የሄደው አይመለስም፣ አክስቴ።»

እቃውን ማሞገስ እንኳ የማታውቅ ሻጭ ናት። «ግንቡስ?» አልኳት፣ እንደዚያ ቀን መልስ እንድታጣ።

«ግንቡን አስቤበታለሁ። ጭቃው ድንጋዩ አይደለም። ጭቃው አጥንቱ ነው። ድንጋዩ ግንብ ሥር የተከመረ ጥራጊ ነው። እርጥበት ይዞ ጭቃውን የሚያሟሟው እሱ ነው።»

ይህን መልስ ለማግኘት ወር ፈጀባት። ጥሩ መልስ ነው። አልነገርኳትም።

«ሠርግሽ ደርሷል፤ ሂጂ እናትሽን አግዢ» አልኳት። ሄደች። የነካካችውን ስንደዶ መልሼ አስተካከልኩ።


ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

ዛሬ እርድ ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ስለ ድድ የተጻፈ አገኘሁ። «ድዳቸው ሲደማ ብዙዎች ጥርሳቸውን መፋቅ ያቆማሉ፤ ይህ ግን» ይላል። ከዚያ ወዲያ እርዱ በልቶታል።

ግልጽ ነው። ይህ ግን ተገቢ ነው ሊል ነው። የቆሰለ ቦታ አይታሽም። ሕፃንም ያውቀዋል። ከዛሬ ጀምሮ የታችኛውን አልነካውም። ዓቢር ለዚህ ኮሌጅ ገባች፤ እኔ እርድ ገዛሁ።


ጥር 3፣ ቅዳሜ

አፎቻ በሀያት ቤት። ጥሩ ፀሐይ። ከዓቢር በቀር ሁሉም ነበሩ።

ሀያት ሸንኮራ ቆራርጣ አቀረበች። ሀቢባ፣ ያቺ አገጯን ይዛ ያለቀሰችው፣ አንዱን አንስታ ልጣጩን በፊት ጥርሷ ገሸለጠችው። ድምፁ እኔ ድረስ መጣ።

«ጥርስሽ ሊወልቅ አልነበረም?» አልኳት።

ሴቶቹ ተያዩ።

«ያዘ» አለች ሀቢባ።

«እንዴት አድርጎ ያዘ?»

«እንጃ፣ ያዘ። ዓቢር ታገሺ አለችኝ፣ ታገሥኩ። ድሮ ድዴ ጉበት ይመስል ነበር። እይው አሁን።» ከንፈሯን በጣቷ ገለበጠችው። እንደ ድመት ግልገል ድድ ሮዝ ነው። ዐይኔን መለስኩ።

ሀያት ሳቅ አመለጣት። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ትታለች። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ጥርሳቸውን ሳይደብቁ ይስቃሉ።

«ሁላችሁም?» አልኩ።

«አቦ ፈቲያ፣ አትቆጪን» አለች ሀያት። «ፈቲያ እንዳትሰማ ተባብለን፣ በጓሮ በር እየገባን ነው።»

«ኮንትሮባንድ የሚያሻግር እንደኛ አልተደበቀም» አለች ሀቢባ። «ባሌ ደብቀሽኝ የት ትሄጃለሽ ቢለኝ፣ ከፈቲያ ነው የምደበቀው አልኩት። እንግዲያስ ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ አለኝ።»

ተንከተከቱ። እኔም ከንፈሬን ገጥሜ ፈገግ አልኩ። ሸንኮራ አቀበሉኝ። «በልቻለሁ» አልኩ።

ይህን ሁሉ አፍ አንድ ጭንቅላት አይመራውም። ሲነግሯቸው ያምናሉ፣ ዞር ሲሉ ይረሳሉ። ካመኑኝ ለምን ሄዱ? ካላመኑኝ ለምን ተደበቁ? ከመካከላቸው አንዲት እንኳ ፊት ለፊት ቆማ ተሳስተሻል ለማለት ወኔ አልነበራትም። ብትለኝ ኖሮ ምን እመልስላት እንደነበር አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ግን ይከበራል።

ስወጣ ሀቢባ በር ላይ ተከተለችኝ። ቀስ ብላ «አንቺስ፣ መቼ ነው?» አለች።

«የኔ ጥርስ ጤነኛ ነው።»

ሻሼን አየችው። አፌ ላይ የያዝኩትን እጄን አየችው። የሀቢባን እዝነት ከመቀበል ድዴ ይውደቅ።

አሁን ብሄድ ምን ይባላል? ግንቡን ያቆመችው ሴት መጨረሻ ላይ በጓሮ ገባች ይባላል። እስከ ሞቴ ይስቁበታል። አልሄድም።


ጥር 9፣ ዓርብ

አብጧል። ግራው በኩል። ዳቦ በሻይ እያራስኩ።

አክርማውን በጥፍሬ ለመሰንጠቅ ሞከርኩ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ጥፍሬ አለቀ።

ሐዲያ ሾርባ ይዛልኝ መጣች። «ለሁላችንም የሠራሁት ነው» አለች። ለእነሱ ሥጋ ሲጠበስ ይሸተኝ ነበር። መዋሸት እንኳ አትችልም።

ሾርባው ጨው በዝቶበታል። ጨረስኩት።


ጥር 21፣ ረቡዕ

ትልቁን የግድግዳ ስፌት ፈታሁት። በጥፍር የተሰነጠቀው ዙሩን አዛብቶታል፤ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር አይገናኝም። ሌላ ሰው አያየውም ነበር። እኔ አየዋለሁ።

በመቀስ የሚሰነጥቁ አሉ፣ ለቱሪስት የሚሰፉ። ሥራቸው ከበር ያስታውቃል። በመቀስ አልሠራም ብዬ እንደ ድሮው በፊት ጥርሴ ያዝኩና ሳብኩ። ጥርሱ ከአክርማው ጋር አብሮ መጣ።

አልወለቀም። ወደ ፊት ተኛ። በጣቴ ገፍቼ መለስኩት፤ ተመለሰ። ደሙን ዋጥኩት። ማንም ባለመግባቱ አልሐምዱሊላህ።

ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለኝ በሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነው። ሙሽራ ቤት ሲገባ ሴቶቹ ቀና ብለው «የማን እጅ ነው?» ይላሉ። «የፈቲያ» ሲባል ሌላ አይጠየቅም። እጅ ይላሉ እንጂ ጥርሱን ማን ያስበዋል። ጥርሱ ከሄደ እጄ ብቻውን ምን ሊሠራ? ያኔ እኔም ወንድሜ ቤት አንድ ጥግ ይዤ ሾርባ የምጠብቅ አሮጊት ነኝ።

ሳኒ ሻካራ ሣር ባይሸጥልኝ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይህን የጻፍኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው።


የካቲት 5፣ ረቡዕ

ደመና ነበር፤ አልዘነበም።

ነገ ዓቢር ክሊኒክ የምትውልበት የመጨረሻ ቀኗ ነው። ከዚያ የሠርግ ሽርጉድ፣ ከሠርጉ በኋላ ባሏ ሙሰዕብ ወደሚሠራበት ወደ ድሬዳዋ። በእሷ ቦታ ወንድ ልጅ ይመጣል አሉ፣ ትናንት የተመረቀ። እኔ አፌን ለጎረምሳ ልከፍት?

እናትና ልጅ በር ሳይዘጉ ያወራሉ።

«ለነገ ጠዋት የማንንም ቀጠሮ አልያዝኩም» አለች ዓቢር።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«አትመጣም፣ ልጄ። ከአንቺ በፊት ጀምሮ አብሬያት ኖሬያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ሰው ትመልሻለሽ ታዲያ?»

«ከእኔ በቀር ለማንም አፏን አትከፍትም፣ እማ። ለእኔም ላትከፍት ትችላለች። ቦታው ግን ባዶ ይጠብቃት።»

ሐዲያ ያለቀሰች መሰለኝ። በዚህ ቤት ነገር ሁሉ በዙሪያ ጥምጥም ነው የሚሄደው። በቀጥታ ቢጠይቁኝ «አልሄድም» እላቸው ነበር፤ ይህን ስለሚያውቁ አይጠይቁኝም። ተንኮለኞች።

የአለላ ቀለም ጨርሻለሁ። ነገ ጠዋት ለመግዛት ወደ አቦከር እወጣለሁ። ክሊኒኩ እዚያው መንገድ ላይ ከሆነ የእኔ ጥፋት አይደለም።


የካቲት 6፣ ሐሙስ

የጠዋቱን እንዳለ እጽፋለሁ።

ሱብሒ ሰገድኩ። ጥርሴን ፋቅሁ፣ የታችኛውንም ጭምር፤ ደማ። ጥቁሩን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ደም አያሳይም ብዬ። ከፈረስ መጋላ ባጃጅ ያዝኩ። ክሊኒኩ ሁለት በር አለው። የጓሮውን አፎቻው ሁሉ ረግጦታል። በፊት ለፊቱ ገባሁ።

ዓቢር ተነስታ ቆመች። የወረቀት ጭምብሏን አገጯ ላይ አድርጋ ነበር።

«ቀለም ልገዛ ነው የወጣሁት» አልኳት።

«እሺ። ሱቁ እስኪከፈት እዚህ ጋደም ይበሉ» አለችና ወንበሩን ዝቅ አደረገችው።

አፌን ከፈትኩ። መብራቱን አስጠግታ ረዘም አድርጋ አየች። ዝም ማለትን ከእኔ ነው የወረሰችው። እሷ ላይ ያምራል።

«ተናገሪ» አልኳት።

«ቆይተዋል፣ አክስቴ። ለዚህ ለፊተኛው ቃል አልገባም። ሌሎቹን ግን እናቆያቸዋለን። ዛሬ ግማሹን፣ የቀረውን ከሠርጉ በፊት። ከዚያ በየሦስት ወሩ። ድሬዳዋ ሩቅ አይደለም፤ እመጣለሁ።»

«ግድግዳሽ አላለቀም።»

«ይቆያል።»

«ግድግዳዋ ባዶ የሆነ ሙሽራ። የማን ልጅ ናት ይሉሻል።»

«የፈቲያ እላቸዋለሁ። አሁን አፍዎን ይክፈቱ።»

እንዲህ ያዘዘኝ ሰው የለም። ከፈትኩ። ድዴን በመርፌ አደነዘዘችው። መሣሪያው ውሃ እየረጨ ይንጫጫል፤ ድምፁ ከውጭ ሳይሆን ራስ ቅሌ ውስጥ ነው የሚሰማው። ቀጥላ በቀጭን ብረት ከድዱ ሥር ገባች፣ ቀስ እያለች፣ አንዱን ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው ሳትሄድ። ወስፌ ይዛ አታውቅም ብያለሁ። እጇ ግን ዙር ያውቃል።

ተፋሁ። ከቀዩ መሃል ጥቁር ስብርባሪ አለበት።

«ይሄ ነው?» አልኳት።

«ይሄ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አስቀያሚ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ምንም ደግፎ አይይዝም።

ጥጥ አስነክሳ አስነሳችኝ። ተቀምጬ ደሙ እስኪያቆም እንድጠብቅ ወደ ውጭው አግዳሚ ወንበር ላከችኝ። እዚያ አንዲት የገጠር ሴት ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ግማሽ ገላዋ በሩ በኩል ነው።

«እናቴ፣ ከውስጥ ነው የወጡት?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሐሊማ እባላለሁ። ድዴ ይደማል። መጥቼ ስመለስ ሁለተኛዬ ነው። እዚህ ጥርስ ያረግፋሉ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

ጥጡን አወጣሁ። «ማን ነው ያለው?»

«እኛ ጋ ሁሉም ይላል። ጁገል ውስጥ አንዲት አዋቂ ሴት አለች አሉ፣ ብዙ የማትናገር። ጥርስ እንደ ግንብ ነው፣ ከነኩት ይፈርሳል ብላለች አሉ።»

«ያቺን ሴት አውቃታለሁ» አልኳት። ከንፈሬ ደንዝዞ ቃሉ ይንሸራተታል። «ምንም አታውቅም።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

አላመነችኝም። ዐይኗ በሩ ላይ ነው። ሻሼን ከአፌ አወረድኩ፤ ወደ ብርሃኑ ዞርኩ፤ አፌን ከፈትኩላት። ደሙንም፣ የታጠበውንም፣ ያልታጠበውንም፣ ያን የተኛውን ጥርስ በጣቴ ገፍቼ አሳየኋት።

«እኔ ዘግይቼ ነው» አልኳት። «አንቺ አልዘገየሽም። ግቢ።»

ከውስጥ ዓቢር «ቀጣይ» ብላ ተጣራች። ሐሊማ ተነሳች። ጥቅሏን የት እንደምታኖረው ግራ ገባት። እጄን ዘረጋሁ፤ ሰጠችኝና ገባች። ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትወጣ ተቀመጥኩ።